በሬ ቢሰረቅ ለሰፈሩ ምን ይጠቅመዋል?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ የሶሲዮሎጂ ተማሪ ናት። ቤተሰቦቿ ቢቸና አካባቢ በእርሻ ይተዳደራሉ። መምህሯ «በፈንክሽናሊስቶች አመለካከት ወንጀል ለኅብረተሰብ ይጠቅማል» ብለው አስተማሩ። ፈንክሽናሊስት የሚባሉት እያንዳንዱ ነገር ለኅብረተሰቡ ምን ሥራ ይሠራል ብለው የሚጠይቁ ሶሲዮሎጂስቶች ናቸው። በዚያው ሰሞን የአጎቷ በሬ ከበረት ተሰረቀና ሰፈሩ ለአውጫጭኝ፣ ማለትም ሌባውን ለማውጣት ለሚደረገው የአገሬው ስብሰባ ተጠራ። የተማረችውን ለአባቷ ብትነግራቸው «እንግዲያው የመምህርሽንም በሬ ሰርቀን እንጥቀማቸዋ!» አሏት። የምትጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ይሄ አመለካከት ከአእምሮ ጋር ይሄዳል ወይ? ለመመረቂያ ጽሑፏስ ይሆናታል?

እህቴ፣ አባትሽን በደንብ አድርገሽ ሳሚልኝ። ከብዙ ተማሪዬ የተሻለ ሂስ ነው የሰነዘሩት። መምህርሽም ግን አልተሳሳቱም። መሀል ላይ አንዲት ነገር ተዘላለች። ፈንክሽናሊስቶች ስርቆቱ ይጠቅማል አላሉም። አጎትሽ ከስረዋል፣ አለቀ፤ ይህን የሚያስተባብል ንድፈ ሐሳብ የለም። እነሱ ዓይናቸውን የሚጥሉት ሌባው ላይ ሳይሆን ከስርቆቱ በኋላ በተሰበሰበው ሰው ላይ ነው። ይህን ከያዝሽ ሌላው ሁሉ ይገባሻል። ንድፈ ሐሳቡ የት ላይ እንደሚሰበርም ይታይሻል።

የሐሳቡ አባት ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርካይም ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. ስለ ሶሲዮሎጂ ጥናት ዘዴ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ወንጀል «ጤናማ» የኅብረተሰብ ክፍል ነው ብሎ ብዙ ሰው አስቆጣ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ወንጀል የሌለበት ኅብረተሰብ ታይቶ አይታወቅም። የትም የማይጠፋ ነገር ደግሞ በሽታ ሊባል አይችልም አለ። «ሁሉም ቅዱስ ቢሆንስ?» ለሚለው ያመጣው ምሳሌ ገዳም ነው። እኛ ደግሞ ሩቅ መሄድ የለብንም፤ ከጣና ደሴቶች አንዱን ገዳም አስቢ። ስርቆት የለም፣ ግድያ የለም። ታዲያ ቅጣት የለም? አለ እንጂ። ለጸሎት ያረፈደ፣ በማዕድ ላይ ወሬ ያበዛ፣ አበው ፊት ድምፁን ከፍ ያደረገ ተግሣጽ ይደርሰዋል፤ ስግደት ይታዘዝበታል። የቢቸና ገበያ ላይ ማንም ልብ የማይለው ነገር እዚያ ጥፋት ነው። ሰው ሁሉ አንድ ደረጃ ከፍ ቢል የጥፋት መለኪያውም አብሮ ከፍ ይላል እንጂ ጥፋት አይቀርም።

ከዚህ የሚከተለው ሐሳብ ለኔ ከሁሉ ይበልጥ ጥሩው ነው። ድርጊቱ በራሱ ማፈንገጥ፣ ከደንብ መውጣት ማለት ነው፣ አይሆንም፤ ማፈንገጥ የሚያደርገው የሰዉ ፍርድ ነው። የቆሎ ተማሪን አስቢ። ለቅኔ ብሎ ከአገሩ ርቆ ወደ ዲማ ወይ ወደ ዋሸራ የመጣ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ ዱላውን ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። እናቶች ቁራሽ እንጀራ ይዘው ይወጣሉ። ያው ጎረምሳ ደበሎውን አውልቆ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ላይ እጁን ቢዘረጋ «ጉልበት እያለህ!» ይባላል። እጁ ያው እጅ፣ ቁራሹም ያው ቁራሽ ነው። አንዱ ክብር፣ ሌላው ነውር ሆነ።

አሁን ወደ አውጫጭኙ እንምጣ። ሥርዓቱን ላልኖሩበት አንባቢዎች ልግለጸው። ጥሪ ይነገራል። ዕድሜው የደረሰ ወንድ ሁሉ ይመጣል። የቀረ ይቀጣል፣ በዚያ ላይ ይጠረጠራል። ሰው ሜዳ ላይ ወይ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። ከዚያ በየተራ መሐላ ነው። ያየሁትን አልደብቅም፣ ለዘመድ አላዳላም፣ ጠላቴን በሐሰት አልነካም ይባላል። ሌባውን የሚያውቅ ሰው «እኔ በዓይኔ አየሁት» ብሎ አደባባይ ላይ አይወጣም፤ ነገ ቂም አለ፣ ደም አለ። «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ካልወጣ በሌላ ቀን ይደገማል። በድሮው ሥርዓት ሌባው ጨርሶ ካልታወቀ ካሳውን አገሬው ተከፋፍሎ ይከፍላል።

እስቲ ሒሳቡን አስሊው። ሰኔ ላይ ነው እንበል። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ እርሻውን ጥሎ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል። ሥራ የፈታው ጉልበት ሁሉ ቢደመር የአንድ በሬ ዋጋ ሊያክል፣ ሊበልጥም ይችላል። በገንዘብ ብቻ ካየነው አዋጥቶ በሬ መግዛት አይሻልም ነበር? ይሻል ነበር። ግን ማንም «እናዋጣና እንተወው» ብሎ አይነሣም። ቢነሣ ራሱ ይጠረጠራል።

ምክንያቱም የተነካው በሬው ብቻ አይደለም። መቀናጆን ታውቂዋለሽ። አንድ በሬ ያለው፣ አንድ በሬ ካለው ጋር አቀናጅቶ ያርሳል። ያንቺ በሬ ሰው ቤት ሊያድር ነው ማለት ነው። ወንፈሉም፣ ሰንበቴውም፣ እድሩም የቆሙት ጎረቤት አይሰርቀኝም በሚል እምነት ላይ ነው። ያ እምነት ሲነካ ሰው የሚሰበሰበው ለበሬው ብቻ ብሎ አይደለም። እንደ አንድ ሰፈር መኖር እንችላለን ወይ የሚለውን ነገር እንደገና ሊያጸና ነው። ሕፃኑ አባቱ ሲምል ያያል። ጎረምሳው ሰው ሁሉ ለአንድ በሬ ሥራ ፈቶ ሲውል ያያል፤ «ስርቆት እዚህ ቀላል ነገር አይደለም» የሚለውን በዚያው ይማራል። ዱርካይም «የጋራ ኅሊና» የሚለው ይህን ነው። ቅጣት ከሁሉ በላይ ለጨዋው ሰው ነው የሚሠራው ይላል። ሌባው ሊታረምም ላይታረምም ይችላል፤ ያልሰረቀው ሰው ግን አለመስረቁ ከንቱ እንዳልሆነ ይረጋገጥለታል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ዱርካይም በ1893 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ ላይ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ኑሮ በሚኖርበት ኅብረተሰብ ሕጉ ቀጪ ነው፣ ካሳና ማስተካከያ የሚበዛው የሥራ ክፍፍል በሰፋበት ዘመናዊ ኅብረተሰብ ነው ብሏል። የኛ አገር ነገር እዚህ ላይ አይመቸውም። ካሳ የጎጃም ገበሬ የሽምግልና እምብርት ነው። ነፍስ ጠፍቶ እንኳ ደም የሚደርቀው በሽማግሌ፣ በካሳና በዕርቅ ነው። የሰውን ባህል አጥኚው ማሊኖውስኪም በ1926 እ.ኤ.አ. ከፓስፊክ ደሴቶች ተመሳሳይ ተቃውሞ አንሥቶበታል። ይህን በጽሑፍሽ ብታነሺው መምህርሽ ደስ ይላቸዋል።

ሌላው ሐሳቡ ማፈንገጥ ለውጥ ያመጣል የሚል ነው። የራሱ ምሳሌ ሶቅራጥስ ነው። በአቴና ሕግ ወንጀለኛ ነበር፣ መርዝ ጠጥቶ እንዲሞት ተፈረደበት፤ ወንጀሉ ግን በነፃነት ማሰብ ነበር፣ ያም ለኋላው ትውልድ ጠቀመ ይላል። እኛ ሶቅራጥስ አያስፈልገንም። 1960 ዓ.ም. አለ። መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ። የጎጃም ገበሬ ከግብሩ ጀርባ ቃላድ፣ የመሬት መለኪያው ገመድ ታየው። ርስቴ ሊለካ ነው፣ ከተለካ ደግሞ የኔ መሆኑ ሊቀር ነው ብሎ ሠጋ። ያንቺው አገር ቢቸና፣ ሞጣም፣ ዳሞትም ገማች አናስገባም አሉ። በጊዜው ሕግ ይህ አመፅ ነው። ጦር ዘመተ፤ አውሮፕላንም ደበደበ። በመጨረሻ የሆነው ግን ምንድን ነው? አገረ ገዢው ከጎጃም ተነሡ፣ ግብሩ ሳይሠራበት ቀረ፣ ውዝፉም ምሕረት ተደረገለት። በጥር ወንጀል የነበረው በዓመቱ የመንግሥት ፖሊሲ ሆነ ብል ብዙም አላጋነንኩም።

በላይ ዘለቀን ደግሞ ተይው፣ እሱ ብቻውን አንድ ኮርስ ነው። ከጣሊያን በፊት ሽፍታ ተባለ። በጣሊያን ጊዜ አርበኛ ሆነ። ከነፃነት በኋላ በንጉሡ ላይ ሸፍቷል ተብሎ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል። ሰውየው ያው ነው፤ የተቀያየረው ፍርዱ ነው።

እስከዚህ ንድፈ ሐሳቡ ያምራል። እውነቱን ለመናገር ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ያቆምና ጥሩ ውጤት ያገኛል። እኔን ግን የሚከነክነኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

አውጫጭኙ ሰፈሩን የሚያጠነክረው ሌባው ሲገኝ ብቻ ነው? በድሮ ጊዜ ሌባሻይ የሚባል ነበር። ለአንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ይሰጠዋል። ልጁ እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ ሰው ከኋላው ይከተላል፤ ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይከፍላል። ምስኪኑ ባለቤት ምን አጠፋ? ምንም። ነገር ግን በፈንክሽናሊስት መነጽር ብታይው ሥራው ተሠርቷል። ሰው ተሰብስቧል፣ ስርቆት ተወግዟል፣ ካሳ ተከፍሏል፣ ሁሉም በጸጥታ ወደ ቤቱ ገብቷል። ለ«ኅብረቱ» ንጹሕ ሰውም ሆነ ሌባ ያው ናቸው! አየሽ ችግሩን? የሚጠቅም መሆኑ ትክክል መሆኑን አያሳይም። ዱርካይም ስለ ፍትሕ ዝም ብሎ ያለፈ ሰው አይደለም፤ ግን የወንጀልን ጥቅም ሲዘረዝር ይቺን ጥያቄ በቂ ቦታ አልሰጣትም።

ከዚህ የባሰው ቡዳ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በየመጽሐፉ የምታገኚው ምሳሌ አሜሪካ ነው። ሶሲዮሎጂስቱ ካይ ኤሪክሰን በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ማሳቹሴትስ ፒዩሪታኖች፣ ስለ አጥባቂ ፕሮቴስታንቶች ጻፈ። በ17ኛው መቶ ዘመን እነዚህ አጥባቂዎች መጀመሪያ ከመሀላቸው የወጡ መናፍቃንን፣ ቀጥሎ ኩዌከሮች የተባሉትን ሌሎች ክርስቲያኖች፣ በ1692 ደግሞ በሴለም ጠንቋይ የተባሉትን አሳደዱ። ኤሪክሰን እንደሚለው ማኅበሩ «እኛ ማን ነን?» የሚለው ሲምታታበት ድንበሩን የሚያሳየው አፈንጋጭ ይፈልጋል። ካጣም ይሠራል። እንግዲህ ይህን ይዘሽ ወደ ሰፈርሽ ተመለሽ። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ ምን ሰረቁ? ማረሻውን የሚሠራው ቀጥቃጩ ነው። ምጣዱን የምትሠራው ሸክላ ሠሪዋ ናት። ጋቢውን የሚሠራው ሸማኔው ነው። ያለ እነሱ ገበሬው አንድ ክረምት አይወጣም። ግን «ዓይናቸው ይበላል» ተባለ። ልጅ ሲታመም መጀመሪያ የሚጠራው ስማቸው ነው። ጋብቻ አይታሰብም፤ ብዙዎቹ እርስ በርሳቸው ተጋብተው ኖሩ። እዚህ ላይ ወንጀል የለም፣ ጥፋት የለም፤ ግን አፈንጋጭ አለ።

ፈንክሽናሊስት «ባለ ርስቱ ገበሬ ማንነቱን የሚያውቀው ከእነሱ በመለየት ነው፤ ስለዚህ ሥራ አለው» ሊል ይችላል። እሺ፣ ሥራ አለው እንበል። ለማን? ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ለባለ ርስቱ የሚያገለግለው ነገር ለሸክላ ሠሪዋ ልጅ መርገም ነው። «ኅብረተሰብ» ብለን አንድ ሰው እንደሆነ አድርገን ስናወራ ይህች ልጅ ትጠፋለች። ማርክሲስቶችም፣ በ1963 እ.ኤ.አ. ሶሲዮሎጂስቱ ሆዋርድ ቤከር ሰውን «አፈንጋጭ» ብሎ ስም ስለ መለጠፍ የጻፈውም፣ ሁለቱም ከዚህች ጥያቄ ነው የሚነሡት። ስሙን የመለጠፍ ሥልጣን የማን ነው? አባትሽ «የመምህርሽንም በሬ ሰርቀን እንጥቀማቸዋ» ያሉት ይህንኑ ነው፣ ቀለል አድርገው።

ፈንክሽናሊስቱ ኪንግስሌይ ዴቪስ በ1937 እ.ኤ.አ. ሴተኛ አዳሪነት ጋብቻን ሳይነካ የወንዱን ፍላጎት ያስተነፍሳል ብሎ የጻፈውንም በዚሁ ዓይን እይው። ፈተና ላይ ሊመጣ ስለሚችል አንብቢው። እኔ አልወደውም።

አሁን ሌባው ራሱ ለምን ሰረቀ? ዱርካይም ለዚህ ብዙም መልስ የለውም። የጎደለውን ለመሙላት የሞከረው አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ሮበርት መርተን ነው፣ በ1938 እ.ኤ.አ.። መርተን የሚያወራው ስለ አሜሪካ ነው። ኅብረተሰቡ ለሁሉም «ሀብታም ሁን» ይላል፣ መንገዱን ግን ለሁሉም አይከፍትም። በግቡና በመንገዱ መሀል ክፍተት ሲፈጠር ሰው በአምስት ዓይነት ይመልሳል ይላል። ስማቸውን ከመጽሐፍሽ ታገኚያለሽ። ወደ አገራችን ላምጣው።

በአማራ ክልል መሬት የተደለደለው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሕፃን የነበረ ወይ ገና ያልተወለደ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ አባቱ ካላካፈለው መሬት የለውም። ግቡ ግን አልተቀየረም። ጎጆ ውጣ፣ ሚስት አግባ፣ በሬ ግዛ፣ ሰው ሁን ይባላል። አንዱ ደብረ ማርቆስ ወርዶ ባጃጅ ይነዳል፣ ቀን ከሌት ይለፋል። ይሄ ግቡንም መንገዱንም ተቀብሏል። ሌላው ግቡን ይዞ መንገዱን ይቀይራል፤ ፎርጅድ ሰርተፍኬት ያሠራል፣ በመተማ በኩል ሰው የሚያሻግር ደላላ ይሆናል፣ ወይ ያጎትሽን በሬ ነድቶ ማንም በማያውቀው ሩቅ ገበያ ይሸጣል። መርተን ይህን «ፈጠራ» ይለዋል። ሦስተኛው ሀብቱን ተስፋ ቆርጦ ሥርዓቱን ብቻ ይዟል። እሱን ለማየት ወደ አንዱ ቢሮ ሂጂና «ማኅተም የያዘው ሰው የለም፣ ነገ ነይ» የሚልሽን ሰው ተመልከቺ። አራተኛው ሁለቱንም ጥሎ አረቄ ቤት ይውላል። አምስተኛው ግቡንም መንገዱንም በሌላ ልተካ ብሎ ይነሣል።

ባሕታዊውን ግን የት ታስቀምጭዋለሽ? ሀብትም አይፈልግም፣ ሥራም አይሠራም፣ ከሰው ተለይቶ ዋሻ ገብቷል። በመርተን ሠንጠረዥ ከአረቄ ቤቱ ሰውዬ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ ሊወድቅ ነው። የኛ ሰው ግን በመንገድ ሲያገኘው መስቀል ካለው ይሳለማል፣ ጸሎቱን ይለምነዋል። መርተን አንድ ግብ ብቻ፣ ገንዘብ፣ ከፊቱ ስላስቀመጠ ነው። ጎጃም ውስጥ ከሀብት ጎን ሌላ የክብር ሚዛን አለ። ይህን ብቻ አስፍተሽ ብትጽፊ አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ሌላ የሚያስቸግረው ነገር፣ ሕጉና የጋራ ኅሊናው ሁልጊዜ አንድ አለመሆናቸው ነው። ዱርካይም ወንጀል ማለት የጋራ ኅሊናን የሚያቆስል ነገር ነው ይላል። የልጅነት ጋብቻን እንይ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ማግባትን ያስቀጣል። ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከዚያ በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እሥራት ነው። ግን በስንቱ ሰፈር የዚያ ሠርግ ድንኳን ሲተከል ኅሊናው የቆሰለ ሰው ነበር? ሰው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ነው የሄደው። አፈንጋጭ የተባለችው «አላገባም፣ እማራለሁ» ብላ ለመምህሯ የተናገረችው ልጅ ናት። ከሕጉ ጋር የቆመችው እሷ፣ ከደንቡ ያፈነገጠችውም እሷ! ዱርካይም እዚህ ቢኖር ምናልባት «እሷ ናት የነገዋ ሶቅራጥስ» ይል ነበር። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ግን «ሕግ የጋራ ኅሊና መስተዋት ነው» የሚለውን መጣል ሊኖርብን ነው። አንዳንዴ ሕግ የሩቅ ሰው ኅሊና ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍሽን በተመለከተ፣ አዎ፣ ተጠቀሚበት። ግን «ወንጀል በቢቸና ያለው ጠቀሜታ» የሚል ርዕስ እንዳትይዢ፤ አማካሪሽም ይስቃሉ፣ አባትሽም አይምሩሽም። አውጫጭኙን ራሱን አጥኚው። ማን ጠራው? ማን ቀደም ብሎ ተናገረ? «ወፏ» መጀመሪያ የማንን ስም አመጣች፣ ሰውየውስ ዘመድ ያለው ነው ወይስ ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረ? ሚሊሻውና ቀበሌው ገብተውበት ከሆነ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንዴት ተግባቡ? ሴቶች ሜዳው ላይ አይቀመጡም ይሆናል፤ ግን ማታ ማን ምን ይዞ እንደገባ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ከእናትሽና ከአክስቶችሽ ጀምሪ።

አንድ ነገር ግን አደራ። የተጠረጠረ ሰው ስም ማስታወሻ ደብተርሽ ላይ እንዳይገኝ። በቁጥር ወይ በምልክት መዝግቢው፣ ደብተሩንም ሰፈር ውስጥ ይዘሽው አትዙሪ። ያጎትሽ ነገር እስኪያልቅ ድረስ ደግሞ ሌላ ቀበሌ ብትሠሪ ይሻላል። እዚያው ከጠየቅሽ ሰው የሚመልስልሽ ለተመራማሪ ሳይሆን ለበሬው ባለቤት የወንድም ልጅ ነው።